ጠጠሩን ከሥር አውጡት፦ ስለ ኮኮ ኮይርና አልወርድ ስለሚል ውሃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተክል ገደልኩ። የገደልኩት በቸልተኝነት አይደለም፤ በእንክብካቤ ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ ሳየው ውሃ የጠማው መሰለኝና አጠጣሁት። በማግስቱ ባሰበት። ደግሜ አጠጣሁት። በሳምንቱ ከነሥሩ መዝዤ ሳወጣው ሥሩ ጠቁሯል። በጣቴ ስነካው ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሽታው የቆመ ውሃ ሽታ ነው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከዕቃው ሥር ሦስት ጣት የሚሆን ጠጠር አንጥፌ ነበር። "ውሃው እንዲወርድ ጠጠር አድርግበት" ተብዬ ነዋ። ቀዳዳውም አልተደፈነም። ሁሉን በደንቡ አድርጌ ተክሉ በውሃ ታፈነ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አንድ ነው። በመትከያ ዕቃ ውስጥ ውሃው መውረድ አለመውረዱን የሚወስነው ቀዳዳው አይደለም። ጠጠሩም አይደለም። ወሳኙ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተትና የዕቃው ቁመት ነው። ይህ ከገባችሁ ኮኮ ኮይር፣ ማለትም ከኮኮናት ሽፋን የሚገኘው መትከያ፣ ለምን እንደሚወደድ፣ የቱ ጋ እንደሚያስቸግርም ይገባችኋል። ካልገባችሁ ግን ምርጡን ኮይር ገዝታችሁም ተክሉን ታፍኑታላችሁ።

ስፖንጁን አቁሙት

ነገሩን በቃል ከማስረዳት በእጅ ማየት ይቀላል። ወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ፈልጉ። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እስኪጠግብ ጠብቁ። ከዚያ አጋድማችሁ በመዳፋችሁ ላይ ያዙት። መጀመሪያ ይፈስሳል። ቀጥሎ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ጸጥ ይላል። አሁን ሳትጨምቁት፣ ቀስ ብላችሁ፣ በቁመቱ አቁሙት። ውሃው እንደገና መፍሰስ ይጀምራል።

ማንም አልጨመቀውም። ማንም አልበሳውም። የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውሃን ሁለት ኃይሎች ይሻሙበታል። አንዱ የመሬት ስበት ነው፤ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሌላው ውሃ ከሌላ ነገር ጋር የመጣበቅ ባሕርዩ ነው። ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር መያዣው ይጠብቃል። ስለዚህ ከዕቃው ግርጌ ተነሥቶ እስከ አንድ ከፍታ ድረስ ስበት ሊያወርደው ያልቻለ ውሃ ይቀራል። እዚያ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ የተሞላ ነው። አየር የለበትም። እኔ ይህንን "ተንጠልጣይ ውሃ" እለዋለሁ። መውረድ ሲገባው ተንጠልጥሎ የቀረ ነውና።

የዚህ እርጥብ ንጣፍ ቁመት የሚወሰነው በቅንጣቶቹ መድቀቅና መሻከር ነው። ዕቃው ቢሰፋም ቢጠብም፣ ቢያጥርም ቢረዝምም ያው ነው። እንበልና በአንድ ድብልቅ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ያንኑ ድብልቅ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ዕቃ ብትሞሉት ግማሹ ረግረግ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ብትሞሉት ግን ረግረጉ ከስድስት እጅ አንዱ ብቻ ይሆናል። ድብልቁ አንድ፣ አጠጪው አንድ፣ ውጤቱ ግን ሌላ። ዝርግ ሳህን በሚመስሉ ዕቃዎች ላይ ተክል ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

ጠጠሩስ? በጠጠር መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። ከላይ ያለው ደቃቅ ድብልቅ ደግሞ ውሃውን አጥብቆ ይዞታል። ውሃ ከጠባብ ክፍተት ወደ ሰፊ ክፍተት እንዲሁ አይሻገርም። ጠባቡ እስኪጠግብና እስኪተርፈው ድረስ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ እርጥቡ ንጣፍ በጠጠሩ ምክንያት አልጠፋም። ከጠጠሩ በላይ ወጥቶ ወደ ሥሩ ተጠጋ እንጂ። እኔም ሦስት ጣት ጠጠር ሳነጥፍ ዕቃውን በሦስት ጣት አሳጠርኩት ማለት ነው። ተክሉን ከረግረጉ ላርቀው ብዬ ረግረጉን አነሣሁለት።

ቀዳዳ ማብዛትም ከዚህ አያድንም። ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የተረፈው ውሃ መውጫ የለውም። ነገር ግን ቀዳዳ የሚያወጣው የተረፈውን ነው። የተያዘውን አያስለቅቅም። በቀዳዳው ላይ ትንሽ የወንፊት ቁራጭ ማድረግ ጥሩ ነው። እሱም ኮይሩ እንዳይንጠባጠብ ነው እንጂ ለውሃው ብሎ አይደለም።

የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ዘዴዎች ግን አሉ። አንደኛው ዕቃውን ካጠጡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ነው። ስፖንጁን እንዳቆማችሁት ማለት ነው፤ ዝቅ ባለው ጥግ በኩል ተጨማሪ ውሃ ሲወጣ ታያላችሁ። ሁለተኛው የክር ዘዴ ነው። ወፍራም የጨርቅ ክር በቀዳዳው አስገብታችሁ አንዱን ጫፍ ድብልቁ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ሌላውን ጫፍ ከዕቃው በታች ታንጠለጥሉታላችሁ። ውሃው ክሩን ተከትሎ ይወርዳል። ለውሃው ዕቃው የረዘመ ያህል ነው።

ለምን ይጠወልጋል?

ሥር ይተነፍሳል። ከቅንጣቶቹ መካከል ኦክስጅን ካላገኘ ውሃ የመሳብ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል በዘገመ ፍጥነት ነው። ክፍተቶቹ በውሃ ከተሞሉ ሥሩ ታፈነ ማለት ነው። የታፈነ ሥር ውሃ አይስብም፤ ውሃ ያላገኘ ቅጠል ይጠወልጋል። ተክሉ በውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል። ላዩን ለሚያይ ሰው ከድርቀት ጋር አንድ ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው።

በዚያ ላይ እንደ ፒቲየም ያሉ ሥር አበስባሾች እንዲህ ያለ ቦታ ይመቻቸዋል። ተክሉን የሚጨርሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። መንገዱን የጠረገላቸው ግን ውሃው ነው።

እንግዲህ ጥሩ መትከያ ማለት ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ባንድ ጊዜ የሚይዝ ነው፦ ውሃም አየርም። ውሃ የሚይዙ ጠባብ ክፍተቶች ያስፈልጉታል። ውሃው ሲወርድ ባዶ ቀርተው አየር የሚገባባቸው ሰፋፊ ክፍተቶችም ያስፈልጉታል። የጓሮ አፈር ዕቃ ውስጥ ሲገባ የሚከብደው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ሳለ ከሥሩ ጥልቅ መሬት ስላለ ውሃውን ወደ ታች ይስብለታል። ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ደቃቁ ነገር ተጠጋግቶ ይጠቀጠቃል።

የኮኮናት ትርፍራፊ

ኮኮናትን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጠንካራውን ቡናማ ፍሬ ነው። ዛፉ ላይ ሳለ ግን ያ ፍሬ በወፍራም ቃጫማ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ከሽፋኑ ረጃጅሙ ቃጫ ይወጣና ገመድ፣ ምንጣፍና ብሩሽ ይሠራበታል። በቃጫው መካከል ያለው ቡናማ ብናኝ ግን ለምንም አይሆንም ተብሎ ይጣል ነበር። በዋና አምራቾቹ በሕንድና በስሪላንካ የቃጫ ፋብሪካዎች አጠገብ ተራራ ሆኖ ይከመር ነበር። ዛሬ በጡብ መልክ ተጨምቆ ዓለምን የሚዞረው ያ ብናኝ ነው።

ከእሱ በፊት ቦታውን ይዞ የኖረው ፒት ሞስ ነው። ፒት ሞስ ከረግረግ የሚቆፈር፣ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ ስፋግነም የሚባል የረግረግ ተክል ቅሪት ነው። በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮኮናት ግን በየዓመቱ ያፈራል። ለተክል አብቃዩ ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። ፒት ሞስ አንዴ ከደረቀ ውሃ አልቀበልም ይላል፤ ውሃው በጎኑ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ኮይር ደርቆም ቢሆን ውሃን በቀላሉ ይቀበላል። ፒት ሞስ በጣም አሲዳማ ነው። ፒኤቹ ከ3.5 እስከ 4.5 ስለሚሆን ኖራ ይፈልጋል። የኮይር ፒኤች ግን ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ነው። አብዛኛው የዕቃ ተክል የሚስማማው በዚያው አካባቢ ነው።

ኮይር ከጠቅላላ መጠኑ ከ90 በመቶ በላይ ባዶ ክፍተት ነው። ከደረቅ ክብደቱ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ውሃ መያዝ ይችላል። ይህ የሚደነቅለት ነገር ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ደቃቅ ብናኝ ብቻውን አጭር ዕቃ ውስጥ ከገባ በደንብ የጠገበ ስፖንጅ ነው። ስለዚህ "ኮይር በራሱ ውሃ ያጠነፍፋል" ሲባል ቶሎ አትመኑ። የትኛው ኮይር? ብላችሁ ጠይቁ።

ኮይር በሦስት መልክ ይመጣል። አንዱ ብናኙ ነው፤ ውሃ ይይዛል። ሌላው አጫጭር ቃጫው ነው፤ ብናኙ እንዳይጠቀጠቅ ይደግፈዋል። ሦስተኛው ከነሽፋኑ የተከተፈ ቁርጥራጭ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል። በመካከሉ ቃጫና ቁርጥራጭ ያለበት ጡብ ንጹሕ ዱቄት ከሚመስለው ይሻላል። በጣት አሽታችሁ ዱቄት ብቻ ከሆነባችሁ ሌላ ነገር መደባለቅ ግድ ነው።

ጨው፣ ካልሲየምና የመቀመጫው ነገር

ብዙ ሰው ኮይርን የሚጠላው እዚህ ላይ ሳያውቅ ተሰናክሎ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የኮኮናት ዛፍ የባሕር ዳር ዛፍ ነው፤ ጨው አያስደነግጠውም። ሽፋኑ ውስጥ ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ክሎራይድ በብዛት አለ። ቃጫው እንዲላቀቅ ደግሞ በባሕላዊው ዘዴ ሽፋኑ ለወራት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ውሃው አንዳንድ ጊዜ ከባሕር ጋር የተቀላቀለ ነው። ጨው ላይ ጨው ተጨመረ ማለት ነው። ጥሩ አምራች ምርቱን በንጹሕ ውሃ ያጥበዋል። ግዴለሹ አያጥበውም።

ማጠብ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ማጠብ የሚያወጣው በውሃው ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ጨው ነው። ሌላው ጨው ከኮይሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። የቅንጣቱ ገጽ በአሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል የተሞላ ነው። እንደ መቀመጫ ቁጠሩት። ኮይሩ ከፋብሪካ ሲወጣ መቀመጫዎቹን የያዙት ሶዲየምና ፖታሲየም ናቸው። እነሱ ያላቸው አንድ አንድ ሙል ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን ሁለት ሁለት ሙል አላቸው፤ መቀመጫውን አጥብቀው ይይዛሉ። ማዳበሪያ ስታጠጡ ካልሲየሙ ይመጣል። ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን አስነሥቶ እሱ ይቀመጣል። ለተክሉ የተላከው ምግብ በመንገድ ቀረ። የተነሡት ደግሞ ወደ ውሃው ገብተው ሥሩን ይበጠብጡታል።

ምልክቱ ከአንድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታያል። አዲሱ ቅጠል ተጣሞና ጫፉ ተቃጥሎ ይወጣል። ይህ የካልሲየም እጥረት ነው። ቲማቲም ከሆነ የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ማግኒዥየም ሲያጥር ግን ችግሩ የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ነው፤ ደም ሥራቸው አረንጓዴ እንደሆነ መሃሉ ቢጫ ይሆናል። ሰውየው "ማዳበሪያ አነሰው" ብሎ የተለመደውን ማዳበሪያ ይጨምራል። ያ ማዳበሪያ ብዙ ፖታሲየም ካለበት ጭራሽ ያብሰዋል።

መፍትሔው ከመትከል በፊት መቀመጫዎቹን በካልሲየም ማስያዝ ነው። ካልሲየም ናይትሬት በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ገደማ አሟሙታችሁ የታጠበውን ኮይር ዘፍዝፉበት። ከስምንት ሰዓት እስከ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ከዚያ ውሃውን ድፉት። ለተክል እንዳትሰጡት፤ የተባረረው ሶዲየም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አንዴ አለቅልቁት። ማግኒዥየም ሰልፌትም ከፈለጋችሁ ለየብቻ አሟሙታችሁ ቀጭን አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ሁለቱን በወፍራሙ ከቀላቀላችሁ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ካልሲየሙን ታጣላችሁ።

አንዳንዱ ጡብ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ይመጣል፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። "የታጠበ" ብቻ የሚል ከሆነ ግን መታጠቡን ብቻ ነው የነገራችሁ።

ኢሲ መለኪያ ያለው ሰው ነገሩን በቁጥር ያያል። ኢሲ ማለት በውሃው ውስጥ ምን ያህል ጨው እንዳለ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ መለካት ነው። አንድ እጅ ኮይር ከሁለት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ለኩ። ከ1 ሚሊሲመንስ በላይ ካሳየ ድገሙና እጠቡ። መለኪያ ከሌላችሁ ጥቂት የሰላጣ ዘር ዝሩበት። ሰላጣ ጨው አይወድም። ካልበቀለ ወይም ጫፉ ተቃጥሎ ከበቀለ መልሳችሁን አገኛችሁ።

የቧንቧ ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት ከሆነ ካልሲየም አለበት፤ ለኮይር ይረዳል። የዝናብ ውሃና ማዕድኑን በሚያወጣ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ግን ባዶ ነው። እሱን የሚጠቀም ሰው ካልሲየምና ማግኒዥየሙን ራሱ መጨመር አለበት።

ጡቡን ማራስ

650 ግራም የሚመዝን ትንሹ ጡብ 4 ሊትር ያህል ውሃ ጠጥቶ 8 ወይም 9 ሊትር ይሆናል። 5 ኪሎው ከ60 ሊትር በላይ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ሰፊ ሳፋ አዘጋጁ። እኔ የመጀመሪያውን ባልዲ ውስጥ ከትቼው ወለሉን ስጠርግ አምሽቻለሁ። ለብ ያለ ውሃ ሥራውን ያፋጥናል። በአካፋ አትውቀጡት። ሲወቀጥ ቃጫው ይሰባበራል፣ ብናኙ ይደቅቃል፣ የከፈላችሁበት ሰፊ ክፍተት ይጠፋል። ራሱ እስኪፈርስ ጠብቁት።

ሲበቃው በእጃችሁ ጨብጡት። ጥቂት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ውሃው በጣቶቻችሁ መሃል ከፈሰሰ በዝቶበታል።

ምን እንደባልቅበት?

የተለመደው ፐርላይት ነው። በከፍተኛ ሙቀት የፈነዳ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ ነጭና ቀላል። ለአብዛኛው ቅጠላማ ተክል ሰባት እጅ ኮይር በሦስት እጅ ፐርላይት ይሄዳል። ለቁልቋልና ውሃ ለሚያከማቹ ወፍራም ቅጠሎች ግን ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያም በላይ ቢሆን ይሻላል። ከመደባለቃችሁ በፊት ፐርላይቱን ውሃ እርጩበት። ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። ፐሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይም፣ የኮይሩ ቁርጥራጭም ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰው ጥቂት ፐርላይት በትኖ "አሁን ውሃ ያወርዳል" ይላል። ጭቃ ውስጥ አምስት ስድስት ጠጠር ብትጥሉ ጭቃው ጭቃነቱን አይተውም። በጠጠሮቹ ዙሪያ ያለው ያው ጭቃ ነው። ሻካራው ነገር ሥራ የሚሠራው በዝቶ እርስ በርሱ መነካካት ሲጀምር ነው። ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒውን ያደርጋል። በሰፋፊዎቹ ክፍተቶች ውስጥ እየገባ ይወትፋቸዋል። አሸዋ ካስፈለገ ጥርስ ጥርስ የሚለው ሻካራው ነው።

ኮምፖስት መጨመር ይቻላል፣ ከአምስት እጅ አንድ ቢሆን። ከዚያ ካለፈ ይደቅቅና ውሃ ያስተኛል።

ድብልቁን ስትሞሉ አትጠቅጥቁት። ዕቃውን አንድ ሁለቴ መሬት ላይ ነካ ነካ አድርጉት፣ ይበቃዋል። በመዳፍ የተጫናችሁት ሁሉ የአየር ቦታ ነው።

ውሃ መቼ?

"በሳምንት ስንት ጊዜ?" ብላችሁ አትጠይቁኝ። ዕቃውን አንሡ። ልክ ባጠጣችሁበት ሰዓት ያለውን ክብደት እጃችሁ ያውቀዋል። ሲቀል ይታወቃችኋል። ኮይር ላዩ ቶሎ ደርቆ ፈዛዛ ቡናማ ይሆናል፣ ሁለት ጣት ወረድ ብላችሁ ግን ርሷል። በዓይን የሚያጠጣ ሰው በኮይር ይሸወዳል።

ስታጠጡ ግን በደንብ አጠጡ። ካጠጣችሁት ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳው መውጣት አለበት። ኮይር ውስጥ ከፖታሲየም በስተቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ የለም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በቀጭኑ የተሟሟ ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ማዳበሪያ ደግሞ ጨው ነው። ተክሉ ውሃውን ጠጥቶ ጨውን ይተዋል። የያዘው ውሃ በግማሽ ሲቀንስ የጨው ክምችቱ እጥፍ ይሆናል። የሚወጣው ውሃ የተጠራቀመውን አጥቦ ይወስደዋል። ኮይርን አጥንቱ እስኪወጣ ማድረቅ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ መቀበሉንስ ይቀበላል፤ ሥሩ ግን እስከዚያ በጨው ይቃጠላል።

ኢሲ መለኪያ ካላችሁ የገባውንና የወጣውን ውሃ ጨው አወዳድሩ። የወጣው ከገባው በጣም ከበለጠ ጨው ተከማችቷል። ከዕቃው ይዘት ሁለት እጥፍ በሚሆን በጣም ቀጭን ማዳበሪያ እጠቡት።

ከሥር ያለውን ሳህን ድፉት፤ በዚህ አልደራደርም። ሳህኑ ላይ የቆመ ውሃ ተመልሶ ይሳባል፣ ያወጣችሁትንም ጨው ይዞት ይመለሳል። በጌጠኛ ዕቃ ውስጥ ሌላ ዕቃ የሚያስቀምጡ ሰዎች ደግሞ ውሃው ስለማይታያቸው ይረሱታል። በየጊዜው አንሥታችሁ እዩ። ከሥር በሳህን ማጠጣት የሚወዱም አሉ። ክፋት የለውም፤ ግን ጨው ወደ ላይ ስለሚወጣ አልፎ አልፎ ከላይ አጥግቦ ማጠብ ይፈልጋል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ሸክላ በጎኑ ያስተነፍሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ፕላስቲክ ይይዛል። የጨርቅ ከረጢት በሁሉም ጎን አየር ያገኛል፤ ነገር ግን ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። ማጠጣት ለሚያበዛ ሰው ሸክላ ይሻላል፤ ረሺ ከሆናችሁ ፕላስቲክ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ለትንሽ ተክል ትልቅ ዕቃ ደግነት አይደለም። ጥቂት ሥር ያንን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ አይጨርሰውም፣ ዙሪያው ለሳምንታት ረግረግ ሆኖ ይቀመጣል።

ሲያረጅ

ኮይር ቶሎ አይበሰብስም፤ ሊግኒን የሚባለው እንጨታም ነገር ይበዛበታል። ይሁንና ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ይደቅቃል፣ ይሰጥማል። ከዕቃው አፍ ሦስት ጣት ወረደ ማለት ክፍተቶቹ ጠበቡ ማለት ነው። አምና በደንብ ያወርድ የነበረ ዕቃ ዘንድሮ ውሃ የሚያስተኛው ለዚህ ነው። "አጠጣጤን አልቀየርኩም" ይላል ሰው። እውነት ነው፣ እሱ አልቀየረም፤ የተቀየረው ድብልቁ ነው። ያለፈው ተክል ጤነኛ ከነበረ ኮይሩን ከሥር ለቃቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ አዲስ ቁርጥራጭ ወይም ፐርላይት ጨምራችሁበት መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በሥር መበስበስ የሞተ ከሆነ ግን ለሌላ የዕቃ ተክል አትመልሱት።

አሁን ቤታችሁ ውስጥ ከነውሃው የጠወለገ ተክል ቢኖር እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ዕቃውን አንሡት። ከባድ ከሆነ ማጠጫውን አስቀምጡ። ከዚያ ዕቃውን ዘቅዝቃችሁ ተክሉን ከነኮይሩ አውጡት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መሳይ ነው፤ ሲነካ ጠንከር ይላል። ጠቁሮ የሟሸሸውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡት። የቀረው ሥር በቂ ከሆነ ድብልቁን በሙሉ ማራገፍ አያስፈልግም። እንዳለ ደረቅ ጨርቅ አጥፋችሁ በላዩ ላይ አስቀምጡት። ጨርቁ ከኮይሩ የጠበበ ክፍተት አለው፤ ስለዚህ ውሃውን ከግርጌው ይስበዋል። ሲርስ በሌላ ደረቅ ቀይሩት። የመጀመሪያው ጨርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲርስ ታያላችሁ። ያ ውሃ በቀዳዳው መውጣት ያቃተው ነው።